ጥያቄና መልስ፦ ወገብ ብለን የያዝነው የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ

ወደዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ጥያቄዎች ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ናቸው። በዚህ ወር ግን ከፒያሳ፣ ከተክለሃይማኖት፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ የደረሱኝ አራት ደብዳቤዎች መልቲፕል ማይሎማ ስለሚባል አንድ የደም ካንሰር ይጠይቃሉ። እኔም የማክመው የደም በሽታ ስለሆነ ገጹን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ዶክተር? አባቴ 66 ዓመቱ ነው፤ ለገሃር ምድር ባቡር በብየዳ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከመስከረም ጀምሮ ወገቡን ያመዋል። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ «ዲስክ ነው» አሉትና የሕመም ማስታገሻ መርፌ ይወጉት ነበር። ሲብስበት ዳይክሎፌናክ ራሱ እየገዛ ይውጣል። ወጌሻም አሽቶታል። በጥር ምግብ አልበላ አለው፣ ውኃ ውኃ ይለው ጀመር፣ ሆዱ ደረቀ፣ አልፎ አልፎም ይዘባርቃል። ጥቁር አንበሳ ስንወስደው ሄሞግሎቢኑ 7 ነው፣ ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ካልሲየሙ ከፍ ብሏል አሉን። ከዳሌው አጥንት መቅኔ ወስደው መረመሩና «መልቲፕል ማይሎማ» ተባለ። ወንድሜ የአጥንት ካንሰር ነው ይላል። እናቴ አጥንቱ እንዲጠነክር ቅልጥም እየቀቀለች ታጠጣዋለች፣ የካልሲየም ክኒንም ገዝታለታለች። ይህ በሽታ ምንድን ነው? ዲስክ ሲባል የከረመው እንዴት ካንሰር ሆነ? ለእሱ ደግሞ እስካሁን አልነገርነውም፤ እንንገረው ወይስ እንተወው?
ሴት ልጁ ነኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ሁለት ነገር አድርጊ። ቤት ውስጥ ያለውን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ከአባትሽ አርቂ፤ የካልሲየም ክኒኑንም አስቁሚ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ይህ ግን ነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ደም የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያው መቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ፣ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን የሆኑ ጥቂት ሴሎች አሉ። ሥራቸው ሰውነት ጀርም የሚከላከልበትን አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን መሥራት ነው። ማይሎማ የሚነሳው ከእነዚህ አንዷ ተበላሽታ የራሷን ቢጤዎች ያለ ልክ ማራባት ስትጀምር ነው። የተራቡት ሁሉ ለምንም የማይረባ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃሉ። ከመቅኔው ሴሎች 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እነሱ ሆነው ከተገኙና በሰውነት ላይ ጉዳት ማድረሳቸው ከታየ፣ ሐኪም ማይሎማ ነው ብሎ ይወስናል። ስለዚህ ወንድምሽ አጥንት ማለቱ የጉዳቱን ቦታ አይቶ ነው እንጂ በሽታው ከደም ሴል የሚነሳ ነው፤ የሚያክመውም የደም ሐኪም ነው።

አባትሽ ላይ ያያችሁት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ደሙ ያነሰው እነዚህ ሴሎች የቀይ ደም መፈጠሪያውን ቦታ ስለያዙበት ነው፤ ቀይ ሥርም ሆነ የአይረን ክኒን ይህን አይመልሰውም። ወገቡ የታመመው ደግሞ ሴሎቹ አጥንት አፍራሾቹን ስለሚያነቃቁና አጥንት ሠሪዎቹን ስለሚያዳክሙ ነው። አከርካሪው እየተቦረቦረ ሄዶ ያለ ምንም አደጋ፣ ዕቃ ሲያነሳ ወይም ሲያስነጥስ ሊሰበር ይችላል። ከፈረሰው አጥንት የወጣው ካልሲየም ወደ ደም ይገባል። ውኃ ጥሙ፣ የሆዱ ድርቀትና መዘባረቁ ከዚህ የመጣ ነው። እናትሽ ካልሲየም መጨመሯ በሞላ ላይ መሙላት ሆነባት። የቅልጥሙን መረቅ ጨው ሳይበዛበት ቢጠጣ ግድ የለም፤ ጉልበትም ይሰጠዋል፤ አጥንቱን ግን አይጠግንለትም። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን የሚያክመው ሐኪም ብቻ ይወስን።

ኩላሊቱ ላይ ላቆይሽ፤ በእኛ አገር ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው ብዬ ስለማምን። የታመሙት ሴሎች ከሚለቁት ፕሮቲን ቀለል ያለው ቁራጭ በኩላሊት ተጣርቶ ወደ ሽንት ይወርዳል። ሲበዛ በቀጫጭኖቹ የሽንት ቱቦዎች ውስጥ ይረጋና አተላ እንደዘጋው የጀበና አፍ ይደፍናቸዋል። ሰውየው ውኃ ካነሰው፣ ካልሲየሙ ከፍ ካለ፣ በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ ከተጨመረ መደፈኑ ይፋጠናል። የወገብ ሕመም ማስታገሻ ብሎ የወሰደው መድኃኒት ኩላሊቱን የጎዳው በዚህ መንገድ ነው። ደግነቱ የካንሰሩ ሕክምና ፈጥኖ ከተጀመረ ኩላሊቱ የሚያገግምበት ዕድል አለ፤ ዲያሊሲስ ጀምረው በኋላ የተላቀቁ ሕመምተኞች አሉ። ሐኪሙ ካልከለከለው በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውኃ ይጠጣ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ካልበቃውም ትራማዶል ወይም ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳል። ሞርፊን ሲታዘዝ «አለቀለት ማለት ነው» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። በልኩ የሚሰጥ የሕመም መድኃኒት ነው፤ ሕመሙ የቀለለት ሰው ደግሞ ይነሳል፣ ይራመዳል፣ ይበላል።

ዲስክ መባሉን በተመለከተ፣ ወገቡን ከሚያመው ሰው ማይሎማ ያለበት እጅግ ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ የ60 ዓመት ሰው ኤምአርአይ ቢነሳ ዲስኩ ላይ አንድ ነገር አለመታየቱ ብርቅ ነው። የአከርካሪ ቲቢም አገራችን ውስጥ አለ፤ ሐኪሙ እሱንም ያስባል። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፦ ወራት ሙሉ መርፌ እየተወጋ አንድ ጊዜ እንኳ ደሙ አለመታየቱ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ወገቡ ወይም የጎን አጥንቱ ለሳምንታት ሲያመው፣ ደም ማነስ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የሚመላለስ የሳምባ ምች ካለበት፣ የሚከተሉትን ምርመራዎች ጠይቁለት፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴሎች የሚዘቅጡበት ፍጥነት)፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ካልሲየም፣ እንዲሁም ጠቅላላ ፕሮቲንና ከደም ፕሮቲኖች ዋናው የሆነው አልቡሚን። ከጥቁር አንበሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ስትወጡ ባሉት ላቦራቶሪዎችም ሆነ በየክፍለ ከተማው የሚሠሩ ተራ ምርመራዎች ናቸው። ከጠቅላላው ፕሮቲን አልቡሚኑ ሲቀነስ ቀሪው በዴሲሊትር ከ4 ግራም ከበለጠ፣ ቀጣዩ ምርመራ የደም ፕሮቲኖችን በየዓይነታቸው የሚለየው ኤሌክትሮፎረሲስ መሆን አለበት።

በሽንት ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ በሚነከረው የመመርመሪያ ወረቀት) «ፕሮቲን የለም» መባሉ ግን አያዘናጋችሁ። ስትሪፑ የሚያየው በዋናነት አልቡሚንን እንጂ የማይሎማውን ፕሮቲን አይደለም። ይህ ፕሮቲን ልዩ ጠባይ እንዳለው የታወቀው ድሮ ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አጥንቱን ክፉኛ የሚያመው ቶማስ ማክቢን የተባለ ነጋዴ ሽንት ለሐኪሙ ለሄንሪ ቤንስ ጆንስ ተላከለት። ሲሞቅ የሚሟሟ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚረጋ ነገር አገኘበት። ማክቢን በቀጣዩ ዓመት መባቻ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር የጎን አጥንቶቹ ለስልሰው ተገኙ። ፕሮቲኑ ዛሬም በሐኪሙ ስም ይጠራል፤ ለብቻው በሚታዘዝ የሽንት ምርመራ ይፈለጋል።

ወጌሻው ይቁም። የተቦረቦረ አከርካሪ ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበርና ኅብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። አባትሽ እግሩ ከዛለ፣ ከወገቡ በታች ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ሳይዘገይ ዴክሳሜታሶንና ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እግሩ እንደዚያው ሊቀር ይችላል።

ይነገረው ወይ ላልሽው፦ ንገሩት። በየሳምንቱ የካንሰር ሕመምተኞች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ አብሮ ይቀመጣል፤ እናንተ ብትደብቁት አጠገቡ ያለው ሰው ይነግረዋል። ያን ጊዜ የሚያዝነው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በእናንተም ይሆናል። መርዶ እንደሚረዳ ሰው ዘመድ አትሰብስቡበት። ከሐኪሙ ጋር ቀን ቁረጡ፣ አንቺ አጠገቡ ሁኚ፣ ሐኪሙ በመጀመሪያ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቀው። ይህ በሽታ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልነግርሽም፤ ይመላለሳል። ግን ይታከማል። በአሜሪካ ማይሎማ ከተገኘባቸው ሰዎች ከ10 ወደ 6 የሚሆኑት ከ5 ዓመት በላይ ይኖራሉ። እድሜ ልኩን ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ስለ ራሱ ሰውነት የመወሰን መብት አለው፤ ለእኔ እውነቱን መደበቅ ይህን መንፈግ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 58 ዓመቴ ነው፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ እነግዳለሁ። ምንም ሳያመኝ ጠቅላላ ምርመራ ሳደርግ ፕሮቲንዎ ከፍ ብሏል ተባልኩ። በኤሌክትሮፎረሲስ ትንሽ ነገር ታየ፤ መቅኔዬም ተወሰደ። «ማይሎማ አይደለም፣ በስድስት ወር ይመለሱ» አሉኝ። መድኃኒት አልተሰጠኝም። ካንሰር ከሆነ ገና በእንጭጩ ለምን አይታከምም? ባንኮክ ልሂድ?

መልስ፦ አይሂዱ፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። ያለብዎ ሐኪሞች ኤምጋስ የሚሉት፣ ገና ካንሰር ያልሆነ ሁኔታ ነው። ስሙ የወጣለት በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያወጡለትም አሜሪካ ያለው የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ሮበርት ካይል ናቸው። ያልተለመደው ፕሮቲን በዴሲሊትር ከ3 ግራም በታች፣ በመቅኔ ያሉት ሴሎችም ከ10 በመቶ በታች ናቸው፤ አጥንት፣ ኩላሊትና ደም አልተነኩም። ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ ሰዎች ከመቶ ወደ ሦስት የሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ ከእነዚህ ውስጥ በየዓመቱ ወደ ማይሎማ ወይም ወደ ተመሳሳይ በሽታ የሚያልፈው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው እድሜውን ጨርሶ በሌላ ምክንያት ይሞታል። መድኃኒቱ የራሱ ጉዳት ስላለው ገና ላልመጣ በሽታ አይሰጥም። ጌታዬ፣ እርስዎ ያለብዎ ግዴታ ቀጠሮውን አለማሳለፍ ነው። ንግድ ሰው ያስረሳል፤ የውጤት ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል ይያዙ። አዲስ የአጥንት ሕመም፣ የማይገባ ድካም ወይም ክብደት መቀነስ ከመጣ ስድስት ወሩን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ ዶክተር? 61 ዓመቴ ነው። ማይሎማ ነው ተብዬ ከክረምቱ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ቦርቴዞሚብ ሆዴ ላይ እወጋለሁ፣ ዴክሳሜታሶን እውጣለሁ፣ ማታ ማታ ታሊዶማይድ አለኝ። እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ይጠቀጥቀኛል። ዴክሳሜታሶን በወሰድኩ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ልጆቼ «ደምሽ ውስጥ ፕሮቲን በዝቷል» ብለው ምስርና ሽሮ ከለከሉኝ። ዐቢይ ጾምም ገባ፤ መጾምም መጠመቅም እፈልጋለሁ። ምን ይሉኛል?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እናቴ፣ ሽሮዎን ይብሉ! በደምዎ የበዛው ፕሮቲን የታመሙት ሴሎች የሚሠሩት ነው፤ ከምስርና ከሽሮ የመጣ አይደለም፣ ምስር በመተውም አይቀንስም። ሰውነትዎ እንዲበረታ ፕሮቲን ያለው ምግብ ያስፈልግዎታል። ልጆችዎ ከፍቅር ነው ያደረጉት፤ ይህን ገጽ ያሳዩአቸው።

የእግርዎን መደንዘዝ ግን ችለው ዝም አይበሉ። ቦርቴዞሚብም ታሊዶማይድም ነርቭ ይጎዳሉ። በጊዜ ከተነገረ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ያራርቀዋል፤ አንዱን ሊያቆመውም ይችላል። ዝም ከተባለ ግን ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል። «ሕክምናውን ይከለክሉኛል» ብለው የሚደብቁ ብዙ እናቶች አውቃለሁ፤ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። እስከዚያው ሙቅ ውኃ ውስጥ እግርዎን ከመንከርዎ በፊት ሙቀቱን ሌላ ሰው ይይልዎ።

ዴክሳሜታሶኑን ጠዋት ቁርስ በልተው ይውሰዱ፤ እንቅልፉ ይሻላል። ስኳርዎንም ይለኩ፣ ከፍ ያደርገዋልና። ከቦርቴዞሚብ ጋር አልማዝ ባለጭራ በቀላሉ ስለሚነሳ አሲክሎቪር ታዝዞልዎ እንደሆነ ይጠይቁ። ታሊዶማይድና ዴክሳሜታሶን አብረው ሲሆኑ ደም ሊረጋ ይችላል፤ አስፒሪን ታዝዞልዎ ከሆነ ለዚህ ነውና አያቋርጡት። አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠ ወይም ደረትዎን ወግቶ ትንፋሽ ካጠረዎ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት 38 ከደረሰም እንዲሁ፤ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተው ቤት አይተኙ። ታሊዶማይዱን ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ ከማይደርሱበት ቆልፈው ያስቀምጡ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነፍሰ ጡሮች ይህን መድኃኒት ወስደው በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። አጥንት ማጠንከሪያው ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚጀመርልዎ ከሆነ ደግሞ የሚነቀል ጥርስ አስቀድመው ያስነቅሉ፤ ከተጀመረ በኋላ የተነቀለ ጥርስ የመንጋጋ አጥንት ሊጎዳ ይችላል። ካንሰር ያጠፋል እየተባለ የሚሸጠው አረንጓዴ ሻይም ይቅርብዎ፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከቦርቴዞሚብ ጋር ተጣብቆ ሥራ እንደሚያስፈታው በላቦራቶሪ ታይቷል።

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ የጾም ምግቡ አይጎዳዎትም፤ የሚጎዳዎት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየቱ ነው። ኩላሊትዎ ውኃ ይፈልጋል፣ ዴክሳሜታሶኑም በባዶ ሆድ አይወሰድም። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም፤ ለንስሐ አባትዎ ሁኔታዎን ይንገሯቸው። ጸበሉንም ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አያቁሙ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ ተናግረዋል፤ ለእርስዎም ያው ነው። እንጦጦ የሚወጡ ከሆነ ሰው ይደግፍዎት፤ በእርጥብ ድንጋይ ላይ መንሸራተት ለእርስዎ አጥንት ከባድ ነው። ነጭ ደምዎ ዝቅ ባለበት ሳምንት ግፊያ ውስጥ አይግቡ።

ጥያቄ፦ እናቴ 57 ዓመቷ ነው፣ በዚህ ወር ማይሎማ ተገኘባት። ሕንድ ሄዳ መቅኔ እንዲተከልላት የካዛንቺሱን ቤታችንን ልንሸጥ ነው። እኔ ልጇ መቅኔ ልስጣት? በኔስ ይመጣብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከኋለኛው ልጀምር። በቤተሰቡ ማይሎማ ያለበት ሰው ዕድሉ ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በሽታው ራሱ ግን ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው። ሳያምህ መመርመር አያስፈልግህም።

መቅኔም አትሰጣትም። ለማይሎማ የሚደረገው ንቅለ ተከላ በአብዛኛው ከራሷ ከሕመምተኛዋ ደም የተሰበሰቡ ሴሎችን መልሶ መስጠት ነው። በመጀመሪያ በመድኃኒት በሽታው ይወርዳል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አራት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚያ ሴሎቿ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ ሜልፋላን የተባለው መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ይሰጣትና ሴሎቿ ይመለሱላታል። በሽታው ተኝቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝማል፤ ጨርሶ ግን አያድንም። በ57 ዓመቷ፣ ልቧና ሳምባዋ ደህና ከሆኑ፣ ሊታሰብላት የሚገባ ሕክምና ነው።

ቤቱን ግን አሁን አትሽጡ። ዛሬ የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ይጀመራል። ፓስፖርትና ቪዛ ስትጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ ኩላሊቷን ወይም አከርካሪዋን ሊያስከፍላት ይችላል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የነበረው መድኃኒት ሜልፋላንና ፕሬድኒሶን ነበር። ታሊዶማይድ ለማይሎማ እንደሚሠራ በ1999 እ.ኤ.አ. ታየ፤ ቦርቴዞሚብ በ2003፣ ሌናሊዶማይድ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለማይሎማ ተፈቀዱ። የሰው እድሜ የተራዘመው በእነዚህ ነው። ከንቅለ ተከላው በኋላም ሌናሊዶማይድን የመሰለ መድኃኒት ለዓመታት ይቀጥላል። ያላችሁን ሁሉ በአንድ ጉዞ ጨርሳችሁ ከመጣችሁ ያን መግዣ ታጣላችሁ፤ ይህ የሆነባቸውን ቤተሰቦች አይቼ አዝኛለሁ።

ስለዚህ ከአራተኛው የመድኃኒት ዙር በኋላ ውጤቷ ሲታይ ከሐኪሟ ጋር ተቀምጣችሁ ስለ ሕንዱ ጉዳይ ወስኑ። እስከዚያው የመቅኔ ምርመራውን ሪፖርትና ስላይዱን፣ የኤሌክትሮፎረሲሱን ውጤት፣ የሲቲ ወይም የኤምአርአዩን ሲዲ፣ የወሰደችውን መድኃኒት ሁሉ ከመጠኑና ከቀኑ ጋር ሰብስብ። እዚያ ያለውን ሆስፒታል ወጪውን ሲነግርህ ንቅለ ተከላውን ብቻ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገውን አልጋ፣ ደምና መድኃኒት ይጨምራል ብለህ በጽሑፍ አስመልስ።